ሶፋውን የጎዳው ሻዩ አይደለም

ጥያቄ፦

«ጤና ይስጥልኝ። ይህን የምጽፍልዎት ተናድጄም አፍሬም ነው። ክሬም ቀለም ያለው የጨርቅ ሶፋ ከገዛን ገና ዓመት አልሞላንም። ባለፈው ሳምንት የእህቴ ልጅ ወተት ያለበት ሻይ ደፋችበት። እኔም ሙቅ ውኃና የዱቄት ሳሙና ይዤ ሮጥኩና ባለ በሌለ ኃይሌ ፈተግኩት። ሲደርቅ ሻዩ ከፈሰሰበት በሦስት እጥፍ የሚሰፋ፣ ዳሩ የጠቆረ ቢጫ ክብ ሆኖ ቀረ። ጨርቁም ጸጉር አወጣ። በዚህ ላይ አማቴ በስጦታ የሰጡን ምንጣፍ ላይ ትንሹ ልጄ ሸንቶበታል። ጎረቤቴ በረኪና አድርጊበት ብላኛለች፤ እኔ ግን ፈራሁ። የባለቤቴ የቆዳ ወንበር ላይ ደግሞ የእስክሪብቶ መስመር አለ። ቆዳውን እንዲያበራ ብዬ በየሳምንቱ የወይራ ዘይት እቀባዋለሁ። አሁን አንድ ሻጭ ‹ሶፋውንም ምንጣፉንም የሚረጭ መከላከያ ላድርግልሽ፣ ከዚያ በኋላ ምንም አይነካቸውም› ይለኛል። ልመነው? ለአማቴስ ምን ልበላቸው?

ሶፋዬን ያበላሸሁት ነኝ»

መልስ፦

እህቴ፣ በመጀመሪያ የእህትሽን ልጅ ይቅር በያት። ሶፋውን የጎዳው ሻዩ አይደለም፤ ከሻዩ በኋላ ያሉት አምስት ደቂቃዎች ናቸው። ይህን የምልሽ ልወቅስሽ ብዬ አይደለም። እኔም በራሴ ዕቃ ላይ የባሰ ሠርቻለሁ፣ ቆይቼ እነግርሻለሁ። ሲሮጡ የታጠቁት ሲሮጡ ይፈታል ይባል የለ? ሰው የፈሰሰ ነገር ሲያይ ይደነግጣል፣ እጁ የገባውን ይዞ ይሮጣል፣ ይፈትጋል። «ምን ፈሰሰ?» ብሎ ይጠይቃል እንጂ «ምን ላይ ፈሰሰ?» አይልም። ቀድሞ መጠየቅ ያለበት ግን ሁለተኛው ነው። ጥጥ የሚችለውን ሱፍ አይችለውም። ፖሊስተር የሚስቅበትን፣ ሐር መሳዩ ቪስኮስ የሚባለው ክር ያለቅስበታል።

ሶፋሽ ላይ የሆነውን ላስረዳሽ። ወተት ያለበት ሻይ አንድ እድፍ አይደለም፣ ሦስት አራት ነው። ከቅጠሉ የሚመጣ ታኒን የሚባል ቡናማ ነገር አለ። ከወተቱ ፕሮቲንና ቅባት አለ። ስኳርም ሊኖርበት ይችላል። ሙቅ ውኃ ስታደርጊበት የወተቱ ፕሮቲን ክሩን አጥብቆ ያዘ። ወተት፣ እንቁላልና ደም ሁልጊዜ በቀዝቃዛ ውኃ ነው የሚባለው ለዚህ ነው። የዱቄት ሳሙናው ደግሞ የተሠራው በብዙ ውኃ ታጥቦ እንዲወጣ ነው። ሶፋ እንደ ልብስ አይለቀለቅም፣ አይጨመቅም። ስለዚህ ሳሙናው እዚያው ቀረ። ጨርቅ ውስጥ የቀረ ሳሙና ይጣበቃል፤ የሚጣበቅ ነገር ደግሞ አቧራ ይሰበስባል። «አጸዳሁት፣ ግን ተመልሶ ቆሸሸ» የሚባለው ነገር ብዙ ጊዜ ምንጩ ይኸው ነው።

ክቡስ ከየት መጣ? ውኃው ከመሃል ወደ ዳር ሲሰፋ የሟሟውን ሁሉ ይዞ ሄደ። ዳር ላይ ሲደርቅ የተሸከመውን እዚያ አራገፈ። ጠረጴዛ ላይ የደረቀ የቡና ጠብታ አይተሽ ከሆነ ዳሩ ከመሃሉ ይጠቁራል፤ ያው ነገር ነው። ስለዚህ ያ የጠቆረ መስመር አዲስ እድፍ አይደለም። አሮጌው እድፍና ሳሙናሽ ተጉዘው ያረፉበት ቦታ ነው። ይህ ጥሩ ዜና ነው፣ ምክንያቱም የተጓዘ ነገር ተመልሶ ሊወጣ ይችላል።

ጸጉር ያወጣው ግን ስለተፈተገ ነው። እውነቱን ልንገርሽ፣ የተበጠሰ ክር አይመለስም። ሁሉም ነገር ካለቀና ጨርቁ ከደረቀ በኋላ የሹራብ ጸጉር የምትላጨዋን ትንሽ ማሽን ሳትጫኚ ብታሳልፊበት መልኩ ይሻላል።

አሁን ወደ ሥራው እንግባ። ውኃ ከመንካትሽ በፊት የሶፋውን መቀመጫ አንሺና ከሥሩ ወይም ከዚፑ አጠገብ የተሰፋች ትንሽ ጨርቅ ፈልጊ። ብዙ አምራቾች እዚያ ላይ አንድ የላቲን ፊደል ያትማሉ። ደብልዩ ከሆነ በውኃ ይጸዳል። ኤስ ከሆነ ውኃ አይነካውም፤ የሚጸዳው ውኃ በሌለው ማሟሚያ ብቻ ነው። ሁለቱ ፊደሎች አብረው ካሉ ሁለቱም ይሆናሉ። ኤክስ ከሆነ ምንም ፈሳሽ የለም፣ አቧራውን በቫኪዩም መሳብ ብቻ። ኤስ ወይም ኤክስ ካገኘሽ እዚያው ላይ ቁሚና ባለሙያ ጥሪ። ማሟሚያዎቹ ብዙዎቹ በቀላሉ ይቀጣጠላሉ፣ ትነታቸውም ያፍናል። በተዘጋ ሳሎን ውስጥ መለማመጃ አይደሉም።

አንድ ወጥመድ አለ፦ ዚፕ። መቀመጫው ዚፕ ስላለው «ልብሱን አውልቄ ማሽን ውስጥ ልክተተው» ያሰኛል። ዚፑ ብዙ ጊዜ የተሠራው ፋብሪካው ስፖንጁን እንዲያስገባበት ነው እንጂ እንዲታጠብ አይደለም። ታጥቦ ከተኮማተረ ስፖንጁ ተመልሶ አይገባም። ቢገባም ቀለሙ ከቀረው ሶፋ ይለያል። በማሽን ይታጠባል የሚል ጽሑፍ ካላየሽ አታውልቂው።

ደብልዩ ወይም ሁለቱን ካገኘሽ እንዲህ አድርጊ። መጀመሪያ የማይታይ ቦታ ላይ፣ ከኋላ ወይም ከሥር፣ የምትጠቀሚበትን ፈሳሽ ትንሽ ንኪበትና ነጭ ጨርቅ ለአንድ ደቂቃ ጫኚበት። ቀለም ወደ ነጩ ጨርቅ ከመጣ አትቀጥይ። እስኪደርቅም ጠብቂ፤ አንዳንዱ ጨርቅ ጉዱ የሚታየው ሲደርቅ ነው። ነጭ ጨርቅ የምልሽ በምክንያት ነው። ባለ ቀለም ፎጣ ራሱ ቀለም ይለቃል፤ ምን እንደወጣልሽም አታዪበትም።

ከዚያ የቀረውን ሳሙና አውጪ። በቀዝቃዛ ውኃ የራሰና በደንብ የተጨመቀ ጨርቅ ወስደሽ ጫን፣ ነሳ፣ ጫን፣ ነሳ አድርጊ። ከዳር ጀምረሽ ወደ መሃል ሂጂ፤ ከመሃል ወደ ዳር ከሄድሽ እድፉን ታሰፊዋለሽ። አረፋ መውጣት እስኪያቆም ድረስ ጨርቁን እያጠብሽ ድገሚው። ሊሰለችሽ ይችላል። አሥር አሥራ አምስት ጊዜ ቢሆን አይግረምሽ። ከዚያ በሁለት ብርጭቆ ቀዝቃዛ ውኃ ውስጥ አንድ የሻይ ማንኪያ ቀለም የሌለው ፈሳሽ የዕቃ ሳሙና በጥብጪና በዚያው ዘዴ ለወተቱ ፕሮቲንና ቅባት ተጠቀሚበት። እሱንም በንጹሕ ውኃ አውጪ። ቡናማው ቀለም ካልለቀቀ አንድ እጅ ነጭ አቼቶ በሁለት እጅ ውኃ ቀላቅለሽ ንኪው፤ የታኒን እድፍ አሲድ ነው የሚያላቅቀው። በመጨረሻ እንደገና ንጹሕ ውኃ፣ ከዚያ ደረቅ ፎጣ።

አሁን ክቡ እንዳይመለስ የምታደርጊው ነገር አለ። እድፉ ያለበትን ቦታ ብቻ አርጥበሽ አትተዪው። ከስፌት እስከ ስፌት ያለውን የመቀመጫ ፊት በሙሉ በተጨመቀ ጨርቅ ለስለስ አድርገሽ አርጥቢው። እኩል ከረጠበ እኩል ይደርቃል፣ መስመር የሚሠራበት ዳር አያገኝም። ከዚያ ነጭ ፎጣ ሦስት አራት እጥፍ አድርገሽ አንጥፊበትና ከባድ ነገር ጫኚበት፣ ይደር። እርጥበቱ ሲወጣ ከሥር ያለውን እድፍ ይዞ ወደ ላይ ስለሚመጣ፣ የሚያርፈው ጨርቁ ላይ ሳይሆን ፎጣው ላይ ይሆናል። ጠዋት ፎጣው ላይ የምታዪው ቢጫ ነገር ያስደስትሻል።

ውኃ አታብዢ። ስፖንጁ ከጠጣ ለማድረቅ መከራ ነው፤ በአንድ ወይም በሁለት ቀን ካልደረቀ ሻጋታ ይጀምራል። መቀመጫውን አቁሚው፣ መስኮት ክፈቺ፣ ማራገቢያ አብሪበት። የጸጉር ፎን በሙቅ አትጠቀሚ፤ የቀረ እድፍ ካለ ያጋግረዋል። ካውያም እንደዚያው።

እዚህ ላይ አንድ ነገር ካልተናገርኩ አያስችለኝም። ቤኪንግ ሶዳና አቼቶ ቀላቅሎ ማፍሰስ የሚባል ነገር አለ። አረፋው ያምራል፤ ሥራ የሚሠራ ይመስላል። ግን አንዱ አሲድ ነው፣ ሌላው የአሲድ ተቃራኒ። ሲገናኙ እርስ በርስ ይጠፋፋሉና የሚቀርሽ ጋዝና ትንሽ ጨው ያለበት ውኃ ነው። ለየብቻ ሁለቱም ጠቃሚ ናቸው፤ አንድ ላይ ትርኢት ናቸው። ቀይ ወይን ሲፈስ ጨው መከመር የሚባለውም ብዙ አይጠቅምም። ደረቅ ፎጣ ከጨው በተሻለ ይመጥጣል፤ ከዚያ በኋላ ጨውን ከምንጣፍ ውስጥ ማውጣት ሌላ ሥራ አይሆንብሽም።

ሌሎቹን እድፎች ቶሎ ቶሎ ልበልልሽ። ዘይት ከሆነ ውኃ አታስቀድሚ፤ የበቆሎ ስታርች ወይም ቤኪንግ ሶዳ ነስንሺበት፣ ለሰዓታት ተዪው፣ ከዚያ ሳቢው። ካልበቃ ድገሚው። ማስቲካ ከሆነ በረዶ በፕላስቲክ ጠቅልለሽ አስቀምጪበትና ሲደርቅ በማንኪያ ጀርባ ሰብረሽ አንሺ። ሻማም ሲጠነክር ይነሳል። ደም ቀዝቃዛ ውኃ ብቻ። ግትር ካለና ጨርቁ ነጭ ወይም በጣም ፈዛዛ ከሆነ 3 በመቶ ሃይድሮጅን ፐርኦክሳይድ ይረዳል፤ ግን ቀለም ስለሚያነጣ መጀመሪያ የማይታይ ቦታ ላይ ሞክሪው፤ ሱፍና ሐር ላይ ደግሞ ይቅርብሽ። ጭቃ ብቻ ነው የተለየው፦ ጭቃ ሲያዩ መጠበቅ ነው። ይድረቅ፣ ከዚያ ይቦረሽ፣ ከዚያ ይሳብ። እርጥብ ጭቃ መጥረግ ሥዕል መሳል ነው።

ወደ ምንጣፉ እንምጣ። በረኪናውን መፍራትሽ ትልቅ ብልኅነት ነው። ምንጣፉ ሱፍ ከሆነ በረኪና ያሟሟዋል። ማጋነን አይደለም። ሱፍ እንደ ጸጉራችን ፕሮቲን ነው፤ በረኪና መጀመሪያ ቢጫ ያደርገዋል፣ ከዚያ ይበላዋል። ከዚህ የሚብሰው ደግሞ ያንቺ ሳንባ ነው። የቆየ ሽንት ውስጥ አሞኒያ አለ፤ አሞኒያና በረኪና ሲገናኙ መርዛማ ጋዝ ይወጣል። በረኪናና አቼቶም እንዲሁ፣ የክሎሪን ጋዝ ይሰጡሻል። ቤትሽ ውስጥ በረኪና ካለ ከምንም ጋር አይቀላቀል፤ ከውኃ በቀር።

ከምን እንደተሠራ እርግጠኛ ካልሆንሽ ከጀርባው ወይም ከዘርፉ ሁለት ሦስት ክር ቁረጪ። በፒንሳ ይዘሽ፣ የብረት ማጠቢያ ላይ ሆነሽ፣ አጠገብሽ ውኃ አድርገሽ ጫፉን በክብሪት ንኪው። የተቃጠለ ጸጉር ከሸተተሽና አመዱ በጣትሽ ከደቀቀ ሱፍ ወይም ሐር ነው። ከቀለጠና ጠንካራ ዶቃ ከሠራ ፖሊስተርን የመሰለ ሰው ሠራሽ ክር ነው። እንደ ወረቀት ነድዶ እንደ ወረቀት ከሸተተ ጥጥ ወይም ቪስኮስ ነው። ቪስኮስ እንደ ሐር ያብረቀርቃል፤ ሲረጥብ ግን ክሩ ይደክማል፣ ሲደርቅም ይጠነክራል ወይም ይበጫል። ምንጣፉ ቪስኮስ ከሆነ ደረቅ ፎጣ ከመጫን ሌላ ምንም ሳትሞክሪ ለባለሙያ ስጪው።

ሱፍ ከሆነ ዕድለኛ ነሽ። የሱፍ ክር በተፈጥሮው ቅባት አለው፣ ፈሳሽ ቶሎ አይጠጣም። ጠላቱ ሙቀት፣ መፈተግና ጠንካራ ሳሙና ነው። ሦስቱ አንድ ላይ ሲሆኑ ይኮማተራል።

ሽንት ትኩስ ሲሆን ትንሽ አሲድነት አለው። ሲቆይ ባክቴሪያዎች ይሰብሩትና አሞኒያ ይሆናል፤ ሽታው የሚጠነክረውም፣ ቀለም የሚያበላሸውም ያኔ ነው። ስለዚህ ምንጣፉን ገልብጪና ጀርባውን እዪ። ሽንቱ ወደ ጀርባ ካልዘለቀ በቀዝቃዛ ውኃ ጫን፣ ነሳ እያደረግሽ፣ ከዚያ በዚያው በአቼቶና ውኃ፣ ከዚያ በንጹሕ ውኃ ታወጪዋለሽ። ከሁለቱም ወገን አየር እንዲያገኝ ከፍ አድርገሽ አድርቂው። ወደ ጀርባ ከዘለቀ ግን ከላይ የምታደርጊው ሁሉ ለጊዜው ነው። የሽንት ጨው እርጥበት ሲያገኝ እንደገና ይሸታል፤ ዝናብ በመጣ ቁጥር «ይሄ ነገር አልወጣም እንዴ?» ትያለሽ። ያኔ ምንጣፉ ሙሉ በሙሉ መታጠብ አለበት፣ ምንጣፍ ብቻ የሚያጥብ ሰው ዘንድ። ኢንዛይም ያለባቸው የሽንት ማስወገጃዎች ለሰው ሠራሽ ምንጣፍ ጥሩ ናቸው። ለሱፍ ግን «ለሱፍ ይሆናል» የሚል ካልተጻፈበት አትግዢ፤ አንዳንዱ ኢንዛይም ፕሮቲን ነው የሚበላው፣ ሱፍ ደግሞ ፕሮቲን ነው አልንሽ። በእንፋሎት ማጽጃም እዚያ ቦታ ላይ አትምጪ።

ምንጣፍን ከእድፍ ይልቅ የሚጨርሰው አሸዋ ነው። የማይታይ ደቃቅ አሸዋ ከሥር ይቀመጥና በረገጥሽ ቁጥር ክሩን እንደ መጋዝ ይቆርጠዋል። በሳምንት አንዴ ሁለቴ ሳቢው፤ ብዙ የሚረገጥ ቦታ ላይ ደግሞ ቶሎ ቶሎ። ዘርፉ ላይ ግን የሚሽከረከረውን ብሩሽ አታሳልፊ፣ ይበጣጥሰዋል። በዓመት ሁለቴ ምንጣፉን አዙሪው፤ ፀሐዩም እግሩም እኩል ይዳረሰው። ከሶፋው ሥር ያለውንም አትርሺ። ሱፍ የሚበላው የብል እጭ ጨለማና ጸጥታ ነው የሚወደው፤ የሚያርፈውም ማንም በማያየው ቦታ ነው።

ቆዳው ላይ ስንመጣ የራሴን ጉድ ልንገርሽ። አንድ ጊዜ የምወደው የቆዳ ቦርሳ ላይ የእስክሪብቶ መስመር ወጣ። ቀጭን ነበር፣ እንደ ጸጉር። በሕክምና አልኮል ጠረግሁት። ቀለሙ ወጣ! ደስ አለኝ። ጨርቁን ገልብጬ ሳየው ሰማያዊ ብቻ ሳይሆን ቡናማም ነበረበት። የቦርሳው ቀለም ነበር። መዳፍ የሚያህል ነጣ ያለ ቦታ አተረፍኩ። ቅንድብ አበጃለሁ ብሎ ዓይን ማጥፋት ማለት ይኼ ነው። ለዚህ ነው የምልሽ፦ የባለቤትሽ ወንበር ላይ ያለው መስመር የቆየ ከሆነ ወይ ተዪው፣ ወይ ቆዳ መልሶ ለሚያቀልም ባለሙያ አሳዪው። የጥርስ ሳሙናና የጸጉር ስፕሬይ የሚሉሽን አትስሚ። የጥርስ ሳሙና መፋቂያ ነው፤ ስፕሬዩም ሠራ ከተባለ የሠራው ውስጡ ባለው አልኮል ነው፣ ያው የኔው ታሪክ።

ቆዳው የትኛው ዓይነት እንደሆነ ለማወቅ ከኋላ አንድ ጠብታ ውኃ ጣይበት። ጠብታው ዶቃ ሆኖ ከተቀመጠ ቆዳው ላዩ በቀለም ተሸፍኗል ማለት ነው፤ አብዛኛው የቤት ሶፋ እንዲህ ነው፣ ጠንከር ያለ ነው። ጠብታው ከገባና ቦታው ከጠቆረ ግን ያልተሸፈነ ቆዳ ነው፤ ሁሉንም ነገር ይጠጣል፣ እንክብካቤውም እንደ እንቁላል ነው። ጸጉራም የሆነው ሱዌድ ደግሞ ውኃ ሳይሆን ለስላሳ ብሩሽ ነው የሚፈልገው።

የወይራ ዘይቱን ዛሬውኑ አቁሚ። ቆዳው የተሸፈነ ከሆነ ዘይቱ አይገባም፣ ላዩ ላይ ቁጭ ብሎ አቧራ ይይዛል። ያልተሸፈነ ከሆነ ይገባና ያጠቁረዋል፣ ሲቆይም ይሻግታል፣ ይሸታል። ብርሃን የመሰለሽ የቅባት ልስልስ ነው። ለቆዳ ተብሎ የተሠራ ክሬም በዓመት አንዴ ወይም ሁለቴ ይበቃዋል። ቆዳ በተፈጥሮው ወደ አሲድ ያዘነበለ ነው፤ ቤኪንግ ሶዳና ጠንካራ ሳሙና የሚጎዱትም ለዚህ ነው። ይልቅ በሳምንት አንዴ ጭንቅላትና ክንድ የሚያርፍበትን ቦታ በጣም በተጨመቀ እርጥብ ጨርቅ ጥረጊ፤ የጸጉር ቅባትና ላብ ቀለሙን የሚያለሰልሱት እዚያ ነው። ፀሐይ በቀጥታ የሚመታው ቦታና ማሞቂያ አጠገብ ካለ አርቂው። ዘይት ቢፈስበት በደረቅ ጨርቅ አንሺና ተዪው፣ ውኃ አትጨምሪበት።

በነገራችን ላይ ወንበሩ እውነተኛ ቆዳ መሆኑን አረጋግጪ። ጀርባው ጨርቅ ከሆነና ላዩ እንደ ቅርፊት መነሳት ከጀመረ አርቴፊሻል ሌዘር ነው። ያ የሚላጠው ፕላስቲኩ ስላረጀ ነው እንጂ ስለደረቀ አይደለም፤ የትኛውም ክሬም አይመልሰውም። ለዚያ ገንዘብ አታውጪ።

ሻጩን ልመነው ወይ ላልሽው፣ ግማሹን እመኚው። የሚረጨው መከላከያ እውነተኛ ነገር ነው፣ ታሪኩም ደስ ይላል። በ1950ዎቹ መጀመሪያ እ.ኤ.አ. ስሪ ኤም በሚባለው የአሜሪካ ኩባንያ ላቦራቶሪ ውስጥ ሰው ሠራሽ ጎማ ሲሞከር ፈሳሹ የአንዲት ረዳት ሸራ ጫማ ላይ ጠብ አለ። ሊወጣ አልቻለም። በውኃ ቢሉት፣ በሳሙና ቢሉት፣ በአልኮል ቢሉት እንቢ አለ። የተቀረው ጫማ ሲቆሽሽ ግን ያቺ ቦታ ንጹሕ ሆና ቀረች። ፓትሲ ሸርማንና ሳሙኤል ስሚዝ የሚባሉ ኬሚስቶች ነገሩን ተከታተሉትና በ1956 ስኮችጋርድ ተብሎ ገበያ ላይ ዋለ። አለመውጣቱ ነበር ጥቅሙ። ኋላ ላይ ጉዳቱም ያው ሆነ። ፒፋስ ከሚባለው ከዚህ ቤተሰብ የሆኑ ኬሚካሎች በተፈጥሮ ውስጥ አይበሰብሱም፣ በሰው ደም ውስጥም ተገኙ። ኩባንያው ራሱ በ2000 ዋናውን ኬሚካል ማምረት እንደሚያቆም አስታወቀ፤ በ2009 ደግሞ ስቶክሆልም በተባለው ዓለም አቀፍ ስምምነት ከሚገደቡት ኬሚካሎች ዝርዝር ገባ። ስለዚህ ሻጩን «ፒፋስ የሌለበት ነው?» ብለሽ ጠይቂው። ካላወቀ ሌላ ሻጭ ፈልጊ።

ደኅናውም ቢሆን «ምንም አይነካውም» የሚባለው ውሸት ነው። መከላከያው የሚያደርገው ፈሳሹ ወዲያው ሳይገባ ዶቃ ሆኖ እንዲቆይ ነው። ደቂቃዎች ይገዛልሻል። ደቂቃዎቹን ፎጣ ይዘሽ ካልተጠቀምሽባቸው ይገባል። ትኩስ ነገር፣ የተጫኑበት ዘይትና ከጂንስ የሚለቅ ሰማያዊ ቀለም አይቆሙለትም። መቀመጫው ላይ ሲቀመጡበት ይለቃል፣ ሲጸዳም ይለቃል፣ እንደገና መደረግ አለበት። ደግሞ አሁን፣ እድፉ እያለ፣ በፍጹም አታስረጪ፤ እድፉንም አብሮ ነው የሚጠብቅልሽ። መጀመሪያ አጽጂ፣ በደንብ ይድረቅ፣ የማይታይ ቦታ ይሞከር፣ መስኮት ተከፍቶ ልጆች ውጪ ሆነው ይረጭ። ኤክስ የተጻፈበት ጨርቅና ያልተሸፈነ ቆዳ ላይ ከሆነ አምራቹ ካልፈቀደ ይቅር።

እኔን ከጠየቅሽኝ፣ ሁለት ልጅ ባለበት ቤት ክሬም ሶፋ ላይ የሚታጠብ ጨርቅ አልብሼ ገንዘቡን አስቀምጠው ነበር። ፕላስቲኩን ግን እንዳትሞክሪው። ላብ ያስወጣል፣ እርጥበት ያፍናል፣ እንግዳውም በተንቀሳቀሰ ቁጥር ይጮኻል።

አማትሽን በተመለከተ፣ ንገሪያቸው። ሳይነገራቸው ሲያዩት ነው የሚከፋቸው። ስትነግሪያቸው ግን ባዶ እጅሽን አትሂጂ፤ ምንጣፉ ከምን እንደተሠራ፣ ከጀርባው ምልክት እንደነበረው፣ ከዚህ በፊት ታጥቦ ከሆነም ማን እንዳጠበው ጠይቂያቸው። ክር አቃጥሎ ከማሽተት የእሳቸው መልስ ይቀላል። ምናልባትም በቤታቸው ሦስት ልጅ አሳድገውበት ከሆነ፣ ሽንቱ የመጀመሪያው ላይሆን ይችላል።